ከውድድሩ በኋላ ይፈለግ ስለተባለው ወንድሜ

ለተከበሩ የሐይቁ ዓሣ ሀብት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? በዓሣ ማጥመድ ውድድሩ ዕለት ንፋሱ ብርቱ ስለነበር ጉንፋን ይዞዎት እንደሆነ ብዬ ሰጋሁ፤ ይዞዎት ከሆነም ኀዘኑን እንደምንም እንችለዋለን። እኔ መረብ ጠጋኝ ነኝ። መረቦቻችንን ሰብስበው መጋዘን ከቆለፉባቸው ወዲህ ጣቶቼ ሥራ ስለፈቱ፣ ይህን ለመጻፍ የሚሆን ጊዜ ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ። ዓሣ ግማቱ ከአናቱ የሚለውን ተረት ግን ለአናትዎ ካለኝ አክብሮት የተነሣ አልጠቅሰውም። ቅሬታዎቼ የሚከተሉት ናቸው።

፩. በዳርቻው መረብ እንዳንጥል የከለከሉን በዘንግ የሚያጠምዱት የክበብዎ ጌቶች እንዳይረበሹ ነው። ደግ አደረጉ። ሰዎች ሊዝናኑ በመጡበት ውሃ ላይ እኛ ለልጆቻችን ራት ስንርመሰመስ መታየታችን ድሮም ነውር ነበር።

፪. ዓሣን መውደድ ምን ማለት እንደሆነም አስተምረውናል። ለካ የሚወድ ሰው ዓሣውን መንጋጋውን በመንጠቆ በስቶ ያወጣል፣ አቅፎ ፎቶ ይነሣል፣ ስሞም ወደ ውሃው ይመልሰዋል። እኛ ባለጌዎቹ እንበላዋለን። ቢሮዎ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው ፎቶ እንዳየሁት እርስዎ ጥርስዎ እስኪቆጠር ስቀዋል፤ ዓሣው ብቻ አልሳቀም።

፫. ዳርቻው ሲከለከል፣ መረቡም ሲቆለፍበት፣ ታላቅ ወንድሜ ክርና መንጠቆ ይዞ በዚያች ለዳር ውሃ በተሠራች ጀልባው ከደሴቱ ወዲያ ወዳለው ጥልቅ ውሃ መሄድ ጀመረ። ሲመለስ፣ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ እኔና ሚስቱ ከዳር ቆመን እያየነው ማዕበል ገለበጠው። የእኛ ሰፈር ሰው ውሃ ሰው ሲወስድበት ረጃጅም መረቦቹን ጫፍ ለጫፍ ቋጥሮ፣ በሁለት ጀልባ እየጎተተ የውሃውን ወለል ያስሳል፤ ሬሳ ሳይወጣ ለቅሶ አይቀመጥም። መረቦቹ በእርስዎ መጋዘን ውስጥ ስለነበሩ ቁልፍ ልለምን መጣሁ። እርስዎም በታላቅ ትሕትና፣ ውድድሩ እንደደረሰ፣ ውሃው ከታመሰ ዓሣው እንደሚሸሽ፣ ወንድሜ ደግሞ ከእንግዲህ የሚቸኩልበት ጉዳይ እንደሌለ አስረዱኝ። እውነትዎን ነው፤ አይቸኩልም ነበር። ሚስቱ ግን ሐይቁ ዳር ተቀምጣ እህል አልቀመሰችም፤ ቢያዩአት ኖሮ የሚቸኩል ሰው መኖሩን በዚያ ያውቁ ነበር።

፬. የውድድሩ ዕለት ክርዎ ከብዶ ሲወጠር ክበቡ በሙሉ አጨበጨበ አሉ። ጀልባዎን የቀዘፈው ሰው እንደነገረኝ፣ ከውሃው ብቅ ያለው የሸሚዝ እጅጌ ነበር፤ በእጅጌው ውስጥም እጅ ነበር። እርስዎ ቢላዎን አውጥተው ክሩን ቆረጡና ግንድ ነው አሉ። ከዚያ ሌላ መንጠቆ አስረው ማጥመድዎን ቀጠሉ፤ ሦስተኛም ወጡ። እንኳን ደስ አለዎት። አመሻሹ ላይ መጋዘኑ ለዚያ ምሽት ብቻ ሲከፈት ወንድሜን በመጀመሪያው ጉተታ አገኘነው። በቢሮዎ ፎቶ ላይ ያየሁት ባለቢጫ ላባው መንጠቆዎ እጅጌው ላይ ነበር። ቀዛፊውን ዋሽቷል ብለው ከሥራ እንዳባረሩት ሰምቼ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ፤ ሰው ዋሾ ካላባረረ እውነተኛነቱ በምን ይታወቃል?

ወንድሜ በሕይወቱ ያጠመደውን ወደ ውሃ መልሶ አያውቅም። እርስዎ ግን ለደንብዎ ታማኝ ሆነው የያዙትን መልሰው ለቀቁት፤ ፎቶ እንኳ ሳይነሡ። በዚህ ጨዋነትዎ ላይ የምጨምረው ቃል የለኝም። እጠላዎታለሁ፤ ይህንንም በአክብሮት እገልጻለሁ።

የዘንግዎን መቃናት፣ የወንበርዎን መደላደል፣ የዕድሜዎንም ርዝመት ከልብ እየተመኘሁ፣ ሁልጊዜም በትሕትና ከእግርዎ በታች የምገኝ፣
የሟቹ እኅት፣ መረብ ጠጋኟ

ማሳሰቢያ፦ ዋና እንደማይችሉ ቀዛፊው አጫውቶኛል። እንግዲህ ሰው ነዎትና አንድ ቀን ውሃው ቢወስድዎ የሰፈሩ ሰው መረቡን ይዞ ለመውጣት ዝግጁ ነው። የምንጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ማመልከቻውን ራስዎ በአካል ቀርበው እንዲያስገቡ።