ሕይወት በሩ ላይ ስትቆም

ሰኞ፣ ሐምሌ 7። ጠዋት።

የበር እጀታ ወለወልኩ። ስልኮቹን፣ ማብሪያ ማጥፊያውን፣ የቧንቧውን አናት። እጄ በአልኮል ደርቋል። ታናሽ እህቴ ሕይወት አልጋዋ ላይ ሆና ትስቅብኛለች። ልጇ ያለ ጊዜዋ ነው የተወለደችው። ሆ/ል በኦክስጅን ቆይታ ትናንት ወደ አራብሳ፣ ወደ ኮንዶሚኒየማችን አመጣናት። ባሏ ለሥራ ክ/ሀገር ነው። ዶ/ሯ ስታሰናብተን፣ ተራ ጉንፋን እንኳ ወደዚህ ሊመልሳት ይችላል አለች። ማስታወሻዬ፣ ፈርቻለሁ።

ረቡዕ። ከሰዓት።

ለክትትል ሄድን። ስለ ጽዳቴ ለዶ/ሯ ዘረዘርኩላት፤ ትንሽ ልመሰገን። ጥሩ ነው፣ እጅ መታጠቡም አይቅር አለች፤ ቫይረሱ ዕቃ ላይ ይቆያል፣ በእጃችን ዓይንና አፍንጫችን ይደርሳል። እሷን የሚያስፈራት ግን አየሩ ነው። ሰው ሲያስል ብቻ ሳይሆን ሲያወራም የሚወጣው ረቂቅ ጠብታ በተዘጋ ክፍል እንደ ጢስ ተንሳፍፎ ይቆያል፤ ሰውየው ከወጣም በኋላ። መስኮት ክፈቱ፣ የታመመ አይግባ አለች።

መስኮት! በክረምት! አራስ ቤት! ጎረቤቶች ምን ይሉናል? ግን ከፈትን። ሕፃኗን አጥብቀን ጠቅልለን፣ አልጋውን ከነፋሱ አዙረን።

እሁድ። 9 ሰዓት።

እየተጣደፍኩ ነው የምጽፈው። በደስታ።

እትዬ አልማዝ ከጎሮ መጡ። የሕይወት ባል አክስት ናቸው፤ እናቱ ስትሞት ያሳደጉት እሳቸው። በፔርሙስ አጥሚት ይዘዋል። ድምፃቸው ተዘግቷል፣ በነጠላቸው ጫፍ አፍንጫቸውን ይጠርጋሉ። ትንሽ ብርድ ነው አሉ። እኔ «ይግቡ» ልል ነበር። ትልቅ ሰው ከበር ይመለሳል?

ሕይወት ጋቢዋን ለብሳ ከጓዳ ወጣች። ይቺ ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት አፍራ ፌርማታዋን የምታልፍ ልጅ! በሩ ላይ ቆመች።

«እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ። እስኪሻልዎት አላስገባዎትም።»

ፊታቸው ጠቆረ።

«ባሌን ያሳደጉ እናት ነዎት። ይቺንም እንዲያሳድጉልኝ ነው።»

እትዬ ፔርሙሱን መሬት አስቀመጡ። ከዚያ ወንበር ጠየቁ። በረንዳው ጫፍ ላይ፣ ንፋሱ ውስጥ አስቀመጥኳቸው። ሕይወት ከክፍሉ ወዲያኛ ጥግ ሆና ልጇን ከፍ አደረገች። እትዬ ከሩቅ መረቁ። አጥሚቱን ትተው ሄዱ። ተቀይመው ይሆን?

ማክሰኞ።

እትዬ ደወሉ። ትኩሳት ጥሏቸዋል፤ ጉንፋኑ ብርቱ ነው። «ያቺን ጨቅላ ስሜያት ቢሆን ኖሮ…» አሉ። ዘመድ ሁሉ እንዲሰማ ራሳቸው እየነገሩ ነው፤ እኔንም መልሳኛለች እያሉ። እንደ መኩራራት ያደርጋቸዋል! እኔስ? ለክረምት ትምህርት የማስተምርበት ት/ቤት ገብቼ፣ መምህራን ክፍል ውስጥ ለሁሉም አወራሁ።

አርብ። ማታ።

እሁድ የባሏ ዘመዶች በሙሉ ይመጣሉ። ወሰነች፦ ወንበር ግቢ ውስጥ ይደረደራል፣ የሚያስል ይቀራል፣ ሕፃኗን የሚስም የለም። እኔ ልንገርልሽ አልኳት፤ ታላቅ አይደለሁ?

ስልኩን ከእጄ ወሰደች። «እኔው እነግራቸዋለሁ።»

አሁን እየደወለች ነው። ድምጿ እስከ ጎረቤት ይሰማል።