ለበር ጠባቂዋ ማን ነገራት?

ወረታ፣ ነሐሴ 21 ቀን

ይድረስ ለእትዬ
አንበሳሜ

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ከርመዋል? ክረምት በገባ ቁጥር የሚያስነክስዎት ያ ጉልበት ዘንድሮስ ተሻለዎት? ወንድምዎ፣ ቤተሰቡ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሰላም ነው? እኔ አልሐምዱሊላህ አካሌ ደህና ነው። ባለቤቴ ሙሰብም ደህና ነው፤ ሩዝ ጭኖ ጎንደር ከወጣ ዛሬ ስምንተኛ ቀኑ ነው። እዚህ ዝናቡ አላባራም። ርብ ሞልቶ ሜዳው ላይ ስለፈሰሰ በቁሐር ሚካኤል በኩል ያለው ማሳ ሁሉ ሐይቅ መስሏል። ከብቱን ከፍ ወዳለው ቦታ አውጥተውታል። ሩዙ ግን ውኃ ወዳጁ ነውና አንገቱን ብቅ አድርጎ ቆሟል።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ይሉ ይሆናል። በየዒዱ ስደውልልዎት «ዒድ ሙባረክ፣ ጤናዎ እንዴት ነው» ካልኩ በኋላ ምላሴ ይታሰራል። እርስዎም «ካርድሽ እንዳያልቅ» ይሉኝና እንለያያለን። ደግሞ እርስዎ ማንበብ ይወዱ ነበር። ይህን ከእኔ በቀር የሚያስታውስ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ለመጻፍ የተነሣሁትም በዚሁ ነገር ነው።

«ከውኃው በታች ያለች አገር» የሚለውን መጽሐፍ ያስታውሱታል? አባቴ ጨርቅ ሊያመጣ ባሕር ዳር ሄዶ የገዛልኝን፣ ሽፋኑ ላይ ፋኖስ የያዘ ዓሣ የተሳለበትን። አንዲት ልጅ የወንድሟ ሳቅ ተሰርቆ ልታስመልስ ሐይቅ ሥር ወዳለ አገር ትወርዳለች። ዓሦቹ መብራት ይዘው መንገድ ያሳይዋታል። የአገሩ ሰዎች ወሬያቸውን በማሰሮ ከድነው ያስቀምጣሉ፤ ሲጨንቃቸው ከፍተው ይሰሙታል። ልጅ ሳለሁ ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አላውቅም።

እርስዎ ወደ ቤታችን ሲመጡ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እናቴ ከሞተች ገና ዓመት ከመንፈቋ ነበር። አባቴ «እማ በያት» ብሎኝ ነበር። እኔ ግን እትዬ አልኩዎት። ለሰው አክብሮት ይመስል ነበር እንጂ እናቴ ብዬ ላለመጥራት ያገኘሁት መሸሻ ነበር። እርስዎ ይህን ያውቁ ነበር፤ አንድም ቀን ግን ቅር አለኝ ብለው አልተናገሩም።

አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላኝ ነው፣ አንድ ቅዳሜ ጠጉሬን እየሠሩልኝ ሳለ ከየት መጣ በማይባል ነገር ጠየቁኝ። ልጅቱ በሌላ መንገድ ከወጣች ለበር ጠባቂዋ ማን ነገራት? አሉኝ። የቷ በር ጠባቂ? አልኩዎት። ያቺ በሩን የከፈተችላት፣ ይበርድሻል ብላ ነጠላዋን ያለበሰቻት፣ ስትመለሽ እዚሁ ነኝ ያለቻት አሉኝ። እኔ እንዲህ ያለች ሴት መኖሯንም አላስታወስኩም። ያናደደኝ ሌላ ነበር። መጽሐፌን እኔ ትምህርት ቤት ስሄድ ያነቡታል ማለት ነው።

ሰኞ ዕለት ሆን ብዬ ቀድሜ መጣሁና በመስኮት አየሁዎት። ከጨርቁ ጣቃ አጠገብ ተቀምጠው፣ መስመሩን በጣትዎ እየተከተሉ፣ ከንፈርዎን እያንቀሳቀሱ ያነባሉ። አምስተኛ ክፍል ላይ ያስቆሙዎት ሰው ነዎትና ቀስ እያሉ ነበር። በዚያ ሰዓት ፊትዎ የሌላ ሰው ፊት ነበር። እንዲያ ሆነው አይቼዎት አላውቅም ነበርና ቀናሁ መሰለኝ።

በዚያው ሳምንት የሰፈሩ ሴቶች የሠርግ ሩዝ ሊለቅሙ እኛ ቤት ተሰበሰቡ። መሃላቸው ገባሁና መጽሐፉን ከፍ አድርጌ፣ የአባቴ ሚስት የልጅ ተረት ታነባለች፣ እንዲህ እያደረገች አልኩ። ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ፣ ጣቴን እየጎተትኩ አሳየኋቸው። ሴቶቹ ሳቁ። አንዷ «የኡመር ሚስት ልጅነት ተመለሰባት» አለች። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ግን ሳቁ። እርስዎም አብረው ሳቁ። እጅዎ ግን መልቀሙን አላቆመም። ጠጠሩን ሰፌዱ ላይ ትተው ፍሬውን እየለቀሙ ሲጥሉ አይቻለሁ። መጽሐፉን ስወዘውዘው ገጹ ከሽፋኑ ተገንጥሎ ወለሉ ላይ ተበተነ።

በሁለተኛው ቀን ተሰፍቶ ትራሴ ላይ አገኘሁት። አባቴ ነው ብዬ አመሰገንኩት፤ እሱም ነገሩ ሳይገባው ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ወዲያ ግን በእርስዎ እጅ መጽሐፍ አይቼ አላውቅም።

ሌላም አለ። አባቴ ሞቶ የአራት ወር ከአሥር ቀኑ የባል ሐዘንዎ፣ ዒዳዎ፣ ሲያልቅ፣ ወንድምዎ ሊወስድዎት ከአንበሳሜ መጣ። አንድ ሻንጣ ነበረዎት። በሩ ላይ ቆመው ዞር ብለው አዩኝ። እዚሁ ይቀመጡ ብል ይቀመጡ ነበር፤ እኔም ያን አውቅ ነበር። «በሰላም ይግቡ» ብዬ ባጃጁ ሳይንቀሳቀስ ወደ ውስጥ ገባሁ። አሥራ አራት ዓመት በአንድ ቤት ኖረን የሸኘሁዎት እንዲያ ነው። ይኸው አሥር ዓመት ሆነው።

ሙሰብን ሳገባ እናቷ የሞተችባት ልጅ እንዳለችው በስልክ ነግሬዎት ነበር። አሪፋ ትባላለች፤ አሁን አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ከዚያ በላይ አልነገርኩዎትም። አሪፋ በምንም አትጠራኝም። እማም፣ እትዬም፣ በስሜም አትለኝም። ስትፈልገኝ መጥታ አጠገቤ ትቆምና ቀና ብዬ እስካያት ትጠብቃለች። የሠራሁትን ትበላለች፣ ሳህኗን አጥባ ታስቀምጣለች፣ አልጋዋን ታነጥፋለች፤ ሰው ቤት ያደረች እንግዳ ነው የምትመስለው። ባለጌ ብትሆን ይሻለኝ ነበር። አባቷ መንገድ ሲወጣ ሁለታችን እንቀራለን። የእሷ ማንኪያ ድምፅ ለእኔ ይሰማኛል፤ የእኔም ለእሷ ይሰማታል። ሁለት ሰው በአንድ ጣሪያ ሥር እንዲህ ለየብቻው መሆን እንደሚችል አላውቅም ነበር። እርስዎ ግን ያውቁታል።

ሐምሌ መግቢያ ላይ ያን መጽሐፍ ከሳጥኔ አገኘችው። ሳትጠይቀኝ ወሰደችው። አንድ ቀን ከክፍሏ ስትስቅ ሰማኋት። በዚህ ቤት ስትስቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ምን እንዳሳቃት ላውቅ ብዬ፣ ቁርአን ልትቀራ ስትሄድ መጽሐፉን አንሥቼ ጀመርኩ። በሚቀጥለው ቀንም እንደዚሁ። የምትመለስበት ሰዓት ሲደርስ እንደነበረው አድርጌ አስቀምጠው ነበር።

እትዬ፣ መጽሐፉ ያው ነው፤ አንድ ፊደል አልተቀየረም። ልጅ ሳለሁ ግን ከዓሦቹ ጋር ነበር የምሮጠው። አሁን በሩ ጋ ስደርስ ማለፍ አቃተኝ። አምስት መስመር ናት። ሴትዮዋ በሩን ትከፍታለች፣ ነጠላዋን አውልቃ ታለብሳታለች፣ ስትመለሽ እዚሁ ነኝ ትላታለች። ልጅቱ የወንድሟን ሳቅ አግኝታ፣ ነጠላውን እንደለበሰች፣ በትልቅ ወፍ ጀርባ ላይ ሆና በሌላ በኩል ትወጣለች። ስለ ሴትዮዋ ከዚያ በኋላ አንድ ቃል የለም። ሦስት ጊዜ ፈለግሁ።

ስፈልግ ነው ስፌቱን ያየሁት። ሰማያዊ ክር ነው፤ ጥቅጥቅ ብሎ የተሰፋ፣ ጫፉ ላይ ሁለት ጊዜ የተቋጠረ። የትምህርት ቤት ቀሚሴ ጠርዝ ሁሌም እንዲሁ ነበር። አባቴ ጨርቅ ይሸጥ ነበር እንጂ መርፌ ይዞ አያውቅም።

ባለፈው ማክሰኞ ዝናቡ ሲበረታ የቁርአን ልጆቹን ቀድመው ለቀቋቸው። ቀና ስል አሪፋ በሩ ላይ ቆማለች፤ ውኃ ከልብሷ ይንጠባጠባል። ከንፈሬ ይንቀሳቀስ እንደነበር ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። የምትለውን ጠበቅሁ። እኔ በእርስዎ ላይ ያልኩትን ብትለኝ ይገባኝ ነበር። እሷ ግን፣ ማንን ወደድሽ? አለችኝ።

በር ጠባቂዋን አልኳት። ማን ናት እሷ? አለችኝ። እንዲህ ያለች ሴት የለችበትም ብላ ተከራከረችኝ። ገጹን ገልጬ ሰጠኋት። እንደቆመች ጮክ ብላ አነበበችው። ሁለታችን ይህን ያህል የተነጋገርንበት ቀን አልነበረም። ጨርሳ ግን፣ ይቺማ ምንም አላደረገችም፣ በር ብቻ ነው የከፈተችው አለችና ልብሷን ልትቀይር ሄደች። ክፋት የላትም። ገና ከዓሦቹ ጋር ናት።

እኔ ጠጉሬን እየሠሩ የጠየቁኝን የሰማሁት በሃያ አንድ ዓመቱ፣ ያን ቀን ነው።

ይቅር ይበሉኝ እትዬ። ሴቶቹ ፊት ስላደረግሁት ይቅር ይበሉኝ። በር ላይ ቆመው ሳለ ጥዬዎት ስለገባሁም ይቅር ይበሉኝ። ይህን በስልክ ልለው ብዙ ጊዜ ሞክሬ አልሆነልኝም።

ውኃው ሲጎድል፣ መስከረም ላይ፣ ቢመጡልኝ። ለእንግድነት አይደለም የምልዎት። በጓሮ በኩል ያለው ክፍል ጠዋት ፀሐይ ይገባዋል፤ ለጉልበትዎም ይሻላል። ሙሰብን በስልክ ጠይቄው ደስ ብሎት ነው እሺ ያለኝ። አልመጣም ቢሉም አልቀየምም፤ ምክንያትዎን አውቀዋለሁ።

ደብዳቤውንና መጽሐፉን ሹፌሩ ትሁን ያደርስልዎታል፤ በሐሙሲት አድርጎ ለገበያ ወደ አንበሳሜ ይወጣል። መጽሐፉን በጨርቅ ጠቅልላ በክር ያሰረችው አሪፋ ናት። ይመለሳል ወይ? አለችኝ። ይዘውት ይመጡ ይሆናል አልኳት። ለማን ነው? አለችኝ። ለእናቴ አልኳት። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው እኔም የሰማሁት። እናትሽ ሞታ የለም እንዴ፣ እንደኔ እናት? አለችኝ። አዎ፣ ሞታለች አልኳት። ክሩን እንደያዘች ብዙ አየችኝ። ከዚያ ጣትሽን እዚህ ላይ አድርጊልኝ አለች። አደረግሁላት። ቋጠሮውን በጣቴ ላይ አጠበቀችው።

አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው፣ ዓይንዎን ያብራው፣ ጉልበትዎን ያጽናልኝ። የአባቴን ቀብር ኑር፣ ብርሃን ያድርገው። ደጅዎ ሰላም ይዋል።

ልጅዎ