ከቢላዋው ጋር የተላከ

ውድ ሮቤል፣

«የቀጨኔን ቢላዋ ጠበል ሳያስነኩ ቤት ካስገቡት ይበላል።» ይህን ያለችው ባለፈው ሰኞ ሽሮ ሜዳ ታክሲ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠች ዘንቢል ያቀፈች ሴትዮ ናት። አጠገቧ ያለችው «ውይ፣ እውነትሽን ነው» አለቻት። እኔም አመንኳት። እቤት ስገባ አባቴ ግድግዳው ላይ የሰቀላቸውን ቢላዎች አንድ በአንድ አየኋቸው። ከእኔ በዕድሜ የሚበልጡ አሉ። አንዳቸውም አልወፈሩም።

አሁን ጓደኛህ ኦልያድ ደጃፋችን በርጩማ ላይ ተቀምጦ አባቴ ቢላዋህን እስኪጨርስለት ይጠብቃል። እኔም እስከዚያው ይህን እጽፍልሃለሁ። የሆነውን አንተም ታውቀዋለህ፤ ግን አንተ የምታውቀው እኔ ከቆምኩበት መጋረጃ ወዲያ ያለውን ነው።

ከኦልያድ ጋር የባንክ ሠራተኞችን እየሰበሰባችሁ ጫካ ውስጥ ማሳደር ከጀመራችሁ ወዲህ አንድ ነገር ጎደለህ። ስልክህ ላይ አንድ ፂማም ፈረንጅ ክንድ የሚያህል፣ ጫፉ ላይ ጀርባው የተገመሰ ቢላዋ ይዞ እንጨት ሲፈልጥ አየህና ዕረፍት አጣህ። «ቦዊ ይባላል» አልከኝ፣ የአጎትህን ስም እንደምትነግረኝ ሁሉ። እኔም ቀጨኔ ውስጥ ከመኪና ባሌስትራ እንዲህ ያለ ቢላዋ የሚሠራ ሰው አለ አልኩህ። ሰውየው አባቴ ነው አላልኩህም።

ሁለት ዓመት ሙሉ መድኃኔዓለም በር ድረስ ስትሸኘኝ በየትኛው ቅያስ እንደምገባ አንድ ቀን አልጠየቅከኝም። ጨዋነት ይመስለኝ ነበር። ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ እልካለሁ ብለኸኛል። ሽማግሌዎችህ የሚገቡበትን ቤት አንተ አስቀድመህ ደንበኛ ሆነህ እንድታየው ፈለግኩ። ተንኮል ነው፤ አልክድም።

ቅዳሜ መጣችሁ።

«ለእርድ ነው?» አለህ አባቴ።

«አይ አባባ፣ ለካምፒንግ ነው።»

«ምንድነው እሱ?»

«ጫካ ገብቶ ድንኳን ውስጥ ማደር።»

አባቴ አዘነልህ። «ምነው፣ ቤት ጠፍቶ ነው?»

ኦልያድ ሳቀ። አንተ ትልቁንና የሚያብለጨልጨውን አነሳህ። አባቴ ከእጅህ ወሰደው።

«ይሄ ለፎቶ ነው። ብረቱ እጀታው ውስጥ የገባው ጣት ታህል ነው። እንጨት ስትመታበት ተስፈንጥሮ አንዱን የባንክ ሠራተኛ ያርድብሃል። እስከ እጀታው ጫፍ የዘለቀውን ምረጥ። ችንካር ስለምትመታበት ጀርባው ወፈር ይበል። ከስንዝር ብዙም አይለፍ፤ ካለፈ አንተ አትይዘውም፣ እሱ ነው የሚይዝህ። ለሽንኩርት ሌላ ትንሽ ቢላ ያዝ። ደግሞ ዘይት ቀባው እንጂ ውኃ አታሳየው።»

ቁጢጥ አልክ። እያንዳንዱን እያገላበጥክ መዘንክ። እጅ ሲያልበው የትኛው እጀታ እንደማያንሸራትት ጠየቅክ። የሚያብረቀርቁትን ሁሉ አልፈህ ከጥግ ያንን ጥቁሩን፣ የወይራ እጀታ ያለውን አነሳህ። አባቴ ለሚገባው ሰው እያለ ያቆየው እሱን ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ትክክለኛ ምርጫ አላየሁም። መጋረጃው ጀርባ ቆሜ ለልጆቻችን ስም ማውጣት ጀመርኩ።

«ልጄ፣ ለእንግዶቹ ሻይ!» አለ አባቴ።

ኦልያድ እጅጌህን ጎተተ። አንተም ሳታመነታ፣ «ይቅርብን አባባ፣ ጾም ነን» አልክ።

ሮቤል፣ በዓለ ሃምሳ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ረቡዕና ዓርብን እንኳ ብሉ የምትልበት ወቅት ነው፤ ቀኑ ደግሞ ቅዳሜ ነበር። ሻይስ ከመቼ ወዲህ ነው የፍስክ የሆነው? ይህን ጾም ግን ሰፈራችን ያውቀዋል። ብረት ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ቡዳ ነው የሚሉ ሁሉ እኛ ደጅ ሲደርሱ ይጾማሉ። ቢላዋውን ይወስዱታል፤ ሻዩን ይተዉታል።

አባቴ እጁን በሽርጡ ጠረገና «እግዚአብሔር ይቀበላችሁ» አላችሁ። አላሾፈም።

እኔ ግን ሻዩን ቀድቼ ነበርና ይዤው ወጣሁ። አየኸኝ።

«ትተዋወቃላችሁ እንዴ?» አለ አባቴ ፊትህን አይቶ።

«አይ፣ ሌላ ሰው መስላኝ ነው።»

«እኔ ጾመኛ አላውቅም አባዬ» አልኩ። ኦልያድ ጫማውን ሲመረምር ቆየ።

ከዚያ መልእክት ላክህልኝ፦ «ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም? ትንሽ ጊዜ ስጪኝ፤ እማዬን ታውቂያታለሽ።» አላውቃትም። ዛሬ ግን ከሥራዋ ጋር ተዋወቅኩ። ኦልያድ በፌስታል ጠቅልሎ ያመጣው ቢላዋ ከጫፉ እስከ እጀታው ዝጎ ነበር።

«ውኃ አሳየው?» አለ አባቴ።

«ጠበል ነው ጋሼ። እናቱ ሦስት ቀን ነክረውት ነው።»

«ጠበል ለሰው ነው። ለብረት ዘይት ብዬው ነበር።» ማሸት ጀመረ። ትንሽ ቆይቶ፣ «ያ ልጅ ጾሙን ፈታ?» አለ።

«ገና ነው ጋሼ» አለ ኦልያድ። ከዚያ ማንም ሳይጋብዘው ሻይ ጠየቀኝ። አሁን ሦስተኛውን እየጠጣ ነው። ሆዱን አላመመውም።

ሽማግሌ አትላክ። እኛ ቤት የሚመጣ ሽማግሌ የቀረበለትን ይበላል፤ የአንተዎቹን ለምን አስጨንቃለሁ? እኔም በደጃፋችን ለሚያፍር ሰው አልዳርም። አንድ ነገር ግን ልንገርህ። ሁለት ዓመት ሙሉ እጽዋት ማዕከል ሣሩ ላይ ተጋድመህ ጣትህን እየላስክ የበላኸው የምስር ሳንቡሳ የተጠበሰው ከዚያ መጋረጃ ጀርባ ነው። ለእናትህ ንገራት። አንተንም ሦስት ቀን ትነክርህ ይሆናል፤ እንዳትዝግ ብቻ።

ቢላዋው አልቋል። ጥሩ ቢላዋ ነው፤ ከሁላችንም በኋላ ይኖራል። ማን እንደሆንክ ለአባቴ እንደማልነግረው ቃል እገባልሃለሁ። በዓለ ሃምሳን የጾመ አንድ ክርስቲያን አይቻለሁ ብሎ ይኑር።

ከእንግዲህ በደህና ቆርጠህ ብላ።

ርሆቦት ስብሐት
ቀጨኔ

ሌላ ወረቀት ስላጣሁ የጻፍኩልህ ትናንት መሥሪያ ቤት ከሞላሁት ቅጽ ትርፍ ኮፒ ጀርባ ላይ ነው። «የአባት ሥራ» ከሚለው ፊት ለፊት በእጅ ጽሑፌ «ነጋዴ» ይላል።