ጌሾ ያልገባበት

ኅዳር 10

ዛሬም ወፍ ሳባርር ዋልኩ። ከአራት የወይን ግንድ ቀመስኩ... ይቆመጥጣል። ደርሷል ማለት ነው።

አባዬ አንድ ፍሬ አፉ ውስጥ ከትቶ ፊቱን አጨማደደ። "ይኼ መች በሰለ?" እስኪጣፍጥ ከተጠበቀ ለዘቢብ ነው የሚሆነው፣ መጠጡ ልሙጥ ይሆናል አልኩት። ሸናን ብላን የሚባለው የነጭ ወይን ዘር ጉልበቱ ኮምጣጣነቱ ነው። ዝዋይ የወይን እርሻ ላይ አምስት ዓመት ስሠራ የተማርኩት ይህንኑ ነው። የሚተከለውን የሐረግ ቁርጥራጭ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ ታች ጋይንት ድረስ ያመጣሁትስ ለምን ሆነና? ሦስት ዓመት ጠብቄ የመጀመሪያ ምርቴ ነው።

"እንግዲህ የሚጠጣ ነገር ካልወጣው፣ ጥምቀት ሲያልፍ ነቅዬ በሬ አስገባበታለሁ" አለ። "ጤፍ የለመደ መሬት ነው።"

ይሁን። ነገ እለቅማለሁ። ከነገ ወዲያ ሚካኤል ነው፣ ሥራ የለም።

ኅዳር 11

ጤዛው ሳይረግፍ ጀመርን። አክስቴ ውባለም አገዘችኝ። ጠላ ጠማቂ ናት፣ እጇ ፈጣን ነው። በሻሽ ጨምቀን ሁለት ትንንሽ በርሜል ሞላን። ወገቤ የለም።

ኅዳር 15

እየፈላ ነው። ጆሮዬን ሳስጠጋ ሲፍለቀለቅ ይሰማኛል። ደስ ሲል...

ኅዳር 19፣ ዓርብ

ጠርሙስ ልገዛ አርብ ገበያ ወጣሁ፣ ቤቱን ለውባለም ትቼ። ስመለስ አንዱ በርሜል ላይ ቅጠል ተንሳፍፏል። ጌሾ።

"ምንድን ነው ይኼ?"

"ረስተሽው መስሎኝ..." አለች እጇን በቀሚሷ እየጠረገች። "ጌሾ የሌለው ምን መጠጥ ነው? ለሁለተኛው አልበቃኝም እንጂ..."

እግዚአብሔር ይመስገን አልበቃትም። ቀመስኩት። መራራ።

ክፉ ቃል ወጣኝ። "ማን ንኪ አለሽ?" አልኳት፣ እናቴ ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝን ሴት። ነጠላዋን አንሥታ ሄደች። ግን ምንም እንደማይጨመርበት ነግሬያታለሁ? አልነገርኳትም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ፣ እኔ ነኝ።

አንድ በርሜል ቀርቶኛል። አንድ ይበቃል። ጎትቼ መኝታዬ አስገባሁት።

ኅዳር 21

ጽዮን። ውባለም ቤት ሄጄ ይቅር በይኝ አልኳት። "የእናትሽን ምላስ ነው የወረስሽው" ብላ ሳቀች። ጌሾ የገባበትን ለራሷ ወሰደችው።

ታኅሣሥ 29

ገና። ዶሮው ሲቀርብ ወይኑን ቀዳሁ። የገለባ ቀለም ያለው፣ ጥርት ያለ... አባዬ ተጎነጨ። ፊቱን አጨማደደ።

"ይቆመጥጣል።"

ክው አልኩ። ከዚያ አንድ ጎረሰና ደግሞ ተጎነጨ። ጎረሰ፣ ተጎነጨ...

"ቅቤውን ከአፍ ጠርጎ ይወስደዋል እኮ" አለች ውባለም። "ሎሚ ጨምረሽበት ነው?"

"ምንም አልጨመርኩበትም።"

አባዬ ሦስት ጊዜ አስቀዳ። ስለ በሬው ልጠይቀው ፈልጌ ነበር፣ ፈራሁ።

ጥር 14

ጥምቀት አለፈ። ጧት በአባዬ ጅራፍ ድምፅ ነቃሁ። በሬዎቹን ነድቶ ወደ ወይኑ ወርዷል። ነጠላዬን እየጎተትኩ ሮጥኩ። ልለምነው አይደለም፣ ከበሬዎቹ ፊት ልቆም ነው። እስኪ ይርገጡኝ አልኩ።

ስደርስ ወይኑ እንዳለ አለ። የሚያርሰው ከጎኑ ያለውን የራሱን የጤፍ ማሳ ነው። እርፉን ሳይለቅ ዞር አለ።

"ሲተከል በግንድና በግንድ መካከል ስንት ክንድ ነው የሚተወው?"

"ሦስት" አልኩት።