ቀፎ ክሪስታል ማለት

ደባርቅ፣ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ ባለቤቴ ለሕሩይ፣

ጤናህ እንዴት ነው? የቡዳፔስት ብርድ ደረትህን እንዳይነካው ወፍራሙን ሹራብ ልበስ። እናትህ በርትተዋል፤ የዘንድሮው ገብስ ጥሩ ስለያዘ ደስ ብሏቸዋል።

ይህን በስልክ ልነግርህ ብሞክር እጮኽ ነበርና መጻፉን መረጥሁ። ከማክሰኞው ስብሰባ የሰማኸው የራስህን ንግግር ብቻ ነው። የቀረውን ልንገርህ።

የቃላት ኮሚቴው ሐሳብ የሁለታችን ነበር። ኬሚስቱ፣ የድንጋይ ጥናት ሰውና ፋርማሲስቷ ስለ አንድ ክሪስታል ሲያወሩ ሦስት የተለያየ ነገር ስለሚሉ፣ አንድ የአማርኛ ስምና አንድ ትርጉም እናውጣ አልን። «ቀፎ ክሪስታል» የሚለውን ዳባት ሳለን ያወጣኸው አንተ ነህ፤ ውስጡ እንደ ማር እንጀራ በጥቃቅን ክፍተት የተሞላ፣ ውሃ ሲያልፍበት ቆሻሻውን የሚያስቀር ማዕድን።

ሰብሳቢያችን ዶክተር ደምለው አምና ለድብ ባሕር ሰዎች በዚህ ማዕድን ነው ብሎ የውሃ ማጣሪያ አሠራ። ከመንደሩ አጠገብ ካለው ገደል ሥር የተፈለጠ ዐለት አስፈጭቶ በርሜሎቹን ሞላ። እኔ ስመረምረው ማዕድኑ እዚህም እዚያም ጭረት ያህል ነው፤ የቀረው ውሃ ሲነካው ጭቃ የሚሆን ድንጋይ። ነገርሁት። «አጣራለሁ» አለኝ፤ ዝም ብሎ ተወው። ሰዉም ማጣሪያ መጣልን ብሎ ውሃ ማፍላቱን ተወ።

ክረምት የዘጋው መንገድ ሲከፈት፣ በስብሰባው ዋዜማ ሄጄ አየሁት። ገበያነሽ የምትባል እናት የበርሜሉን ክዳን ስታነሣልኝ ሽታው ወደ ኋላ ገፋኝ። አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር ከላይ ሰፍፏል። «ልጆቹን ሆዳቸውን ሲያማቸው የምግብ ነገር መስሎን ነበር» አለችኝ። ጨቅላዋ ዓይኖቿ ጎድጉደው እቅፏ ውስጥ ተኝታለች።

ማክሰኞ ይህን ተናግሬ ማጣሪያውን ላዘጋ ስገባ ደምለው ቀድሞኝ አዲስ ትርጉም አነበበ፦ «ቀፎ ክሪስታል ማለት ማዕድኑ በማናቸውም መጠን የሚገኝበት ዐለት ሁሉ ነው።» ገባህ? በዚህ ትርጉም በርሜሉ ውስጥ ያለው ጭቃ ትክክለኛ ዕቃ ሆነ፤ እሱም ነጻ ወጣ።

«ሰው የታመመበትን ጭቃ በቃል ልታጥበው ነው?» አልሁት።

«መምህርት ሐመልማል፣ ሳይንስ ሰፊ ነው። ሐሳቡን ያመነጨውን እንጠይቅ» አለና ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጎ አንተን ጠራህ።

ድምፅህን ስሰማ እፎይ አልሁ። አንተ ግን «ለአንድ ቃል ብላችሁ አትጣሉ፤ ሰፋ ቢል ምን አለበት?» አልህ። ስለ በርሜሉ እንዳልነገረህ አውቃለሁ። ለምን ማስፋት እንደፈለገም አልጠየቅኸውም። እኔ «ሕሩይ!» ስል መስመሩ ተቋረጠ።

ከዚያ ድምፅ ተሰጠ። የድንጋይ ጥናቱ ሰው ሳምቡሳውን እየዋጠ እጁን አወጣ። ፋርማሲስቷ ዓይኔን እየሸሸች አወጣች። ደምለው ዘይት በነካው ጣቱ ብዕሩን አቀበለኝ።

«አልፈርምም።»

«ባልሽ ተስማምቷል እኮ!» አለ። ሁሉም ሳቁ። 

በማግስቱ ድብ ባሕር ሄጄ ሰዎቹን አሰባሰብሁ። «ማጣሪያ የተባለው አያጣራም። አትጠጡት፤ የምንጩንም አፍልታችሁ ጠጡ» አልኋቸው። ገበያነሽ ከጎረቤቶቿ ጋር በርሜሉን ገለበጠችው፤ አተላው ቀሚሴ ላይ ተረጨ። ጨቅላዋን ይዘን ጤና ጣቢያ ሄድን። ተመስገን፣ አሁን ጡት መጥባት ጀምራለች።

እኔን ከኮሚቴው አስወጥተውኛል። መዝገበ ቃላቱ በጥር ይታተማል፤ የአንተ ስም ከፊት ይሆናል አሉ። ትርጉሙን ለማስተካከል ወይም ስምህን ለማስወጣት እስከዚያ ጊዜ አለህ።

ልጃችን ፀጋ ትናንት «አባዬ ለፋሲካ ይመጣል አይደል?» አለችኝ። ሁልጊዜ «አዎ» እላት ነበር። ትናንት ግን ጠጉሯን እየሠራሁ «መጀመሪያ ለምጽፍለት ደብዳቤ ይመልስ» አልኋት።

ኪዳነ ምሕረት ካለህበት ትጠብቅህ፤ መልካሙን ታሳስብህ።

ሐመልማል