ስለ ሦስተኛው ጉድጓድ ሰሌዳና ስለ ወይዘሮ ጌጤ ምሳ

ይድረስ ለተከበሩ የአሮጌው ከተማ ቁፋሮና ቅርስ ማስተባበሪያ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤንነትዎን እጠይቃለሁ። በምረቃው ዕለት የጨንቻ ብርድ ጉንፋን እንዳስያዘዎት ሰምቼ አዝኛለሁ፤ ወደ አርባ ምንጭ ሙቀት ከተመለሱ ወዲህ እንደ ተሻለዎት ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ፣ እዚሁ አርባ ምንጭ ሲቀላ ሰፈር የምኖረው ጡረተኛው የጂኦግራፊ መምህር ብዙነህ ካሳ፣ ከኅሊናዬ በቀር ሙሉ ጤነኛ ነኝ።

ከጨንቻ በላይ ባለው አሮጌ ከተማ፣ ከአምስት መቶ ዓመት በፊት የነበሩ ሰዎች ቆሻሻ የጣሉባቸውን ጉድጓዶች አስቆፍረው፣ በየጉድጓዱ አፍ ሰሌዳ አስተክለው፣ የግኝቶቹን ማሳያ ቤት በማስመረቅዎ ምስጋና ይገባዎታል። ምስጋናዬን በተራ ቁጥር እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

፩. ለሸክላ ስባሪ ስላሳዩት ክብር አመሰግናለሁ። እያንዳንዱ ስባሪ በለስላሳ ብሩሽ ተጠርጎ፣ ቁጥር ተሰጥቶት፣ በጥጥ ተጠቅልሎ መስታወት ውስጥ ሲገባ በዓይኔ አይቻለሁ። ባለሙያዎችዎ ያለ ጓንት አልነኩትም። በአገራችን ለሸክላ እንዲህ ያለ ክብር ሲሰጥ አይቼ አላውቅም፤ ለሸክላ ሠሪ ሲሰጥማ ጭራሽ።

፪. ሦስተኛው ጉድጓድ ሲቆፈር ወይዘሮ ጌጤን ስላስጠሩ አመሰግናለሁ። ወይዘሮ ጌጤ ከጉድጓዱ በታች ባለው ቁልቁለት ላይ የሚኖሩ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሸክላ ሠሪ ናቸው፤ ከጋሞኛ በቀር ሌላ ቋንቋ ስለማይናገሩ አስተርጓሚ ተመደበላቸው። ስባሪዎቹን አንድ በአንድ እያገላበጡ ካዩ በኋላ፣ እነዚህ ድስቶች ምግብ ቀምሰው እንደማያውቁ፣ በነፋስ ቀን እሳት ውስጥ ሲተኮሱ ተሰንጥቀው እንደ ተጣሉ፣ ሲተኮስ የተሰነጠቀ ዕቃ የሚጥል ደግሞ ሠሪው እንጂ ገዢው እንዳልሆነ አስረዱ። በድስቱ አፍ ከንፈር ላይ በአውራ ጣት ጥፍር የተጫነውን መስመር አሳይተው፣ እናታቸው እንዲሁ ይሠሩ እንደ ነበር፣ እሳቸውም እስከ ዛሬ እንዲሁ እንደሚሠሩ ተናገሩ። ጉድጓዱ የወገኖቻቸው መጣያ ነበር፤ ተገፍተው ወደ ቁልቁለቱ ከመውረዳቸው በፊት መንደራቸው እዚያው እላይ ነበር። ሲጨርሱ የለመኑት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህ ቃላቸው እንዲጻፍላቸው።

፫. ስለ ሰሌዳው አመሰግናለሁ። በሚያምር ቢጫ ቀለም «የባላባቱ ግብር አዳራሽ መጣያ» ይላል። ክቡርነትዎ አልተሳሳቱም፤ የተነገረዎትን ነው ያስጻፉት። አስተርጓሚው ያን ሁሉ ከሰማ በኋላ፣ «የድሮ ሰዎች ዕቃ ነው ትላለች፣ ሌላ የምታውቀው የለም» ብሎ ነበር። ቀሪውን ደግሞ፣ የባላባቱ ዘር ነን የሚሉት ሽማግሌዎች፣ ከኋላው ቆመው የነበሩት፣ ሞሉበት። ከመካከላቸው አንዱ የአስተርጓሚው አጎት ነበሩ። ሩብ ሰዓት የተነገረ ነገር በአንድ ዐረፍተ ነገር ሲያልቅ ከባለሙያዎችዎ አንድ እንኳ ለምን ብሎ የጠየቀ አለመኖሩን እንደ ጨዋነት እቆጥርላችኋለሁ።

አስተርጓሚው እኔ ነበርሁ። አርባ ዓመት ያስተማርሁ ሰው፣ በዕድሜ የሚበልጡኝን ሴት «ትላለች» እያልሁ፣ ቃላቸውን ከአፋቸው ነጥቄ ለአጎቴ አስረከብሁ። ማንም አላስፈራራኝም። አጎቴ አንድ ጊዜ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ያ ብቻ በቃኝ። አፍሬአለሁ።

፬. የምረቃውን ምሳ መርሳት ነውር ነው። ድንኳን ውስጥ ለተቀመጥነው በሳህን ቀረበልን፤ ለወይዘሮ ጌጤ ከድንኳኑ ውጭ በእንሰት ቅጠል ተሰጣቸው። አስተናጋጇን ማንም አላዘዛትም፤ የሸክላ ሠሪ እጅ ሳህናችንን አይንካ የሚለውን ልማድ እያስተማርን ያሳደግናት እኛው ነን። ወጡ የተሠራው ግን ወይዘሮ ጌጤ በጠዋት በጀርባቸው አዝለው ባመጧቸው ሁለት ድስቶች ነበር። ከተቀመጥሁበት ሆኜ በድንኳኑ ቀዳዳ አየኋቸው። እሳቸውም አዩኝ። አስተናጋጇ ጨልፋ ስትጨምርልኝ አይ አላልሁም፤ ጥሩ ወጥ ነበር። እሳቸው በልተው ሲያበቁ ቅጠሉን አጣጥፈው ይዘው ወደ ቁልቁለቱ ወረዱ። ቅጠል ይበሰብሳልና ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ የሚቆፍሩት ሳህኖቻችንን ያገኛሉ፤ ያን ቀን ውጭ የተቀመጠ ሰው እንደ ነበረ የሚያሳይ ነገር ግን አያገኙም።

እንግዲህ «ለላቀ የትርጉም አገልግሎት» ብለው በጭብጨባ የሸለሙኝን የምስክር ወረቀት ከነክፈፉ ከዚህ ደብዳቤ ጋር መልሻለሁ። ወይዘሮ ጌጤ የተናገሩትን ሳላጎድል በሁለት ገጽ ጽፌ አያይዣለሁ። ሰሌዳው ተነቅሎ በቃላቸው እንዲተካ በትሕትና እለምናለሁ፤ ለዚህ አዲስ ቁፋሮ የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

የክቡርነትዎን ትዕግሥት እያደነቅሁ፣ ባልሰሙት ነገር ሁሉ ላይ ሰሌዳ የመትከል ችሎታዎ እንዲሰፋ እየተመኘሁ፣ ተሸላሚ የነበርሁት
ብዙነህ ካሳ

ግልባጭ፦
ድንኳን ውስጥ ለበላን ሁሉ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ያያያዝሁት ትርጉም ትክክል ስለ መሆኑ የእኔን ቃል ብቻ እንዳይቀበሉ አደራ እላለሁ። ወደ ወይዘሮ ጌጤ ደጅ ሌላ አስተርጓሚ ይላኩ። እኔ ጋሞኛን አሳምሬ አውቃለሁ፤ ያን ዕለትም አውቅ ነበር።