ጎድኔ ላይ የበራው

ውድ ልጄ፣

ይህን የምትጽፍልኝ እህትህ ናት። ከአፌ የወጣውን እንጂ የራሷን እንዳትጨምር አስጠንቅቄያታለሁ። በስልክ ያልነገርኩህ ድምፄ እንዳያሳብቅብኝ ብዬ ነው።

ፕሮስቴቴ ላይ ካንሰር እንዳለ ታውቃለህ። «እዚያው ከሆነ ቀደን እናወጣዋለን፤ አጥንት ከገባ ግን ቢላዋ አይረባም» አሉኝና ፔት በሚሉት ማሽን አነሱኝ። የሚያበራ መድኃኒት በደም ስሬ ሰጥተው፣ እንደ ሬሳ አጋድመው በማሽኑ ቀለበት ውስጥ አሳለፉኝ።

ወጣቷ ሐኪም ምስሉን አየችና «አባባ፣ ጎድንዎ ላይ በርቷል» አለችኝ። እኔም «ተመስገን!» አልኩ። ዓይኑ በራለት ስንል ዳነ ማለታችን አይደል? እጇን ይዤ መረቅኳት። ፊቷን አዞረች። ኮሪደሩ ላይ ስንደርስ ነው እህትህ «አባዬ፣ እዚያ የሚበራው ካንሰሩ ነው» ያለችኝ። ምርቃት አይመለስ ነገር!

ሸምገል ያለው ሐኪም ያንኑ ምስል አይቶ «የድሮ ስብራት ነው፤ እሱም አንዳንዴ ያበራል» አለ። እውነትም ከመወጣጫ ወድቄ በዚያ ጎኔ ተሰብሬ አውቃለሁ። ሦስተኛው ደግሞ «ሊሆንም ላይሆንም ይችላል» አለ። ለዚህ ለዚህማ እኔም ሐኪም ነኝ! በመርፌ ከጎድኔ ቆንጥረው ወሰዱ፤ ነጥቡ ትንሽ ስለሆነ ሳትነው አሉ።

«እኛ ግንበኞች ግድግዳው ጠመመ አልጠመመ ብለን ስንጣላ በክር የታሰረ ቱምቢ ቁልቁል እንጥላለን። እናንተ ቱምቢ የላችሁም?» አልኳቸው።

ሸምገል ያለው ሳቀ። «ያለን ዓይናችን ነው፣ አባቴ። እኔው ራሴ አንዱን ምስል ዛሬና ነገ ባየው፣ ሁለት ነገር ልል እችላለሁ።»

ስለ እውነቱ አከበርኩት። ስለ እውነቱም ፈራሁት።

አንተም በስልክ «ይስማሙና እንወስናለን፣ አባዬ፤ ምን ያስቸኩላል?» አልከኝ። ወራት ጠበቅን። ስማኝ፤ እሺ ብዬ የጠበቅሁት እኔ ነኝ፣ የሚቀደደውም የኔ ሆድ ነበር። ነገ ሰው ፊት «እኔ ነኝ ያዘገየሁት» እያልክ ደረትህን እንዳትመታ። የኔን ውሳኔ ማንም አይወስድብኝም፤ አንተም ብትሆን።

ባለፈው ሳምንት ደግመው አነሱኝ። ሦስቱም አንድ ክፍል ገብተው ቶሎ ወጡ። የተከራከረ የለም። ወጣቷም፣ ሸምገል ያለውም፣ ሊሆንም ላይሆንም ባዩም አንድ አፍ ሆኑ። ምስሉን አሳዩኝ። ፊደል ያልቆጠርኩት እኔም አነበብኩት፦ ጀርባዬ፣ ዳሌዬ፣ ትከሻዬ፣ ሁሉም በርቷል።

እህትህ እስክሪብቶውን አስቀምጣ ታለቅሳለች።

«ጻፊ!»

«ምን ብዬ ልጻፍለት፣ አባዬ?»

«ተስማሙ በዪው።»

እንግዲህ ና። የሚወሰን ነገር የለም፤ ለምክር አልጠራሁህም። እግሬ መክዳት ጀምሯል፣ እኔ ደግሞ ልጄን ተኝቼ መቀበል አልፈልግም።

አባትህ፣
አውራ ጣቴን አትሜበታለሁ።